የእህል መጋዘን አየር አለማሳለፉን ስለ መለካትና የልኩ ቁጥር ምን ያህል እንደሚታመን

በሰበታ፣ በቡራዩና በሱሉልታ ለሚሠሩ የእርሻ ሹሞችና የመጋዘን ተቆጣጣሪዎች የቀረበ ትምህርት

ሰበታ በጅማ መንገድ፣ ቡራዩ በአምቦ መንገድ፣ ሱሉልታ በጎጃም መንገድ ላይ ሆነው አዲስ አበባን እንደ ቅጥር ከከበቡት ከተሞች ዋናዎቹ ናቸው። በ2015 ዓ.ም. ሦስቱም በሸገር ከተማ ሥር ተጠቃልለዋል። ከምዕራብና ከሰሜን ወደ ዋናው ከተማ የሚገባው ጤፍና ስንዴ፣ ገብስና ባቄላ በእነዚህ በሮች ያልፋልና፥ በየመንገዱ ዳር የእህል መጋዘን ተሠርቶ ይገኛል። ከተሞቹም እየሰፉ ስለ ሄዱ፥ ከመኖሪያ ቤትና ከሱቅ ጋር አንድ አጥር ተጋርቶ የቆመ መጋዘን ማየት እንግዳ ነገር አይደለም።

በመጋዘን የተቀመጠ እህል ጠላቱ ነቀዝ ነው። ነቀዝንም ለማጥፋት በሰፊው የሚሠራበት መድኃኒት ፎስፊን የሚባለው መርዘኛ አየር ነው። ይህ መርዝ ከደረቅ እንክብል ወጥቶ በእህሉ መካከል እየሰረገ ተባዩን ይገድላል፤ ሥራውን የሚፈጽመው ግን በዝግ ስፍራ ውስጥ ብዙ ቀን የቆየ እንደ ሆነ ብቻ ነው። መጋዘኑ የሚያፈስ ከሆነ ሁለት ጥፋት ባንድ ጊዜ ይደርሳል፤ በውስጥ ያለው ነቀዝ ይድናል፥ በውጭ የሚያድረው ዘበኛና ጎረቤት ይመረዛል። ስለዚህ መርዙ ከመግባቱ አስቀድሞ ሕንጻው አየር የማያሳልፍ መሆኑን መለካት፥ ከለኩም በኋላ የተገኘው ቁጥር የሚታመን መሆኑን መመርመር ያስፈልጋል። የዚህ ትምህርት አሳብ ይኸው ነው።

፩ኛ፤ መለካት ስለሚያስፈልግበት ምክንያት

ነቀዝ በእህል ውስጥ በአራት መልክ ይኖራል፤ ይኸውም ዕንቁላል፣ እጭ፣ ሙሽሬና ጎልማሳ ነው። ጎልማሳው በጥቂት መርዝ ፈጥኖ ይሞታል፤ በፍሬው ውስጥ የተሸሸጉት ዕንቁላልና ሙሽሬ ግን ይበልጥ ይጸናሉ። ስለዚህ መጋዘኑ በታጠነ በሦስተኛው ቀን ከፍቶ የሞተ ነቀዝ በወለሉ ተበትኖ ያየ ሰው ሥራው የተፈጸመ ይመስለዋል፤ ከጥቂት ሳምንት በኋላ ግን ከፍሬው ውስጥ አዲስ ነቀዝ ይወጣል።

በአውስትራሊያ ለእህል ጠባቂዎች የተሰጠው መምሪያ እንደሚለው፥ የእህሉ ሙቀት ከ25 ዲግሪ በላይ ሲሆን መርዙ በሚሊዮን እጅ 300 ሆኖ 7 ቀን፥ ሙቀቱ ከ15 እስከ 25 ዲግሪ ሲሆን በሚሊዮን እጅ 200 ሆኖ 10 ቀን ሊቆይ ይገባል። ከ15 ዲግሪ በታች በቀዘቀዘ እህል ላይ ግን መርዙ በሚገባ ስለማይሠራ ባይደረግ ይመከራል። የሱሉልታ ሹም ይህን የመጨረሻውን ቃል ልብ ሊለው ይገባል፤ በኅዳርና በታኅሣሥ ውርጭ የሚወርድበት አገር ነውና፥ የእህሉን ሙቀት በቴርሞሜትር ሳይለኩ የቀኑን ቁጥር መወሰን አይቻልም። እንግዲህ በዚህ ደጋ መጋዘኑ መርዙን 10 ቀን ሙሉ መያዝ አለበት ማለት ነው።

ይህ ሳይሆን ሲቀር የሚመጣው ጉዳት በአንድ መጋዘን አይወሰንም። የዓለም የምግብና የእርሻ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1972 እና በ1973 ከብዙ አገሮች የእህል ተባይ ሰብስቦ ባስመረመረ ጊዜ፥ ከተመረመሩት መንጋዎች ከመቶ 10 ያህሉ ፎስፊንን የመቋቋም ጠባይ ታይቶባቸዋል። በሚያፈስ መጋዘን ጥቂት መርዝ የቀመሰና ያልሞተ ነቀዝ የሚወልደው መርዙን የሚችል ልጅ ነው። ከአንዱ ከተማ መጋዘን የወጣው ጆንያ በሌላው ከተማ መጋዘን ይራገፋልና፥ የአንዱ ቸልተኝነት ለሁሉ ይተርፋል።

፪ኛ፤ ስለ ግፊት ልኬት

የብረት ጎተራ ወይም በሚገባ የተደፈነ ክፍል አየር አለማሳለፉን ለመለካት ቀላሉ መንገድ ጥቂት አየር ነፍቶ ግፊቱ ምን ያህል ጊዜ እንደሚቆይ መመልከት ነው። ለዚህ የሚያስፈልገው ዕቃ አነስተኛ የአየር መንፊያ፣ መዝጊያ ያለው ቧንቧ፣ ሁለት ክንድ የሚሆን ግልጽ የፕላስቲክ ቱቦ፣ ማስመሪያና ሰዓት ነው። ቱቦው እንደ ቀለበት ታጥፎ በሰሌዳ ላይ ይታሰርና እስከ እኩሌታው ውሃ ይሞላበታል፤ አንዱ አፉ ከጎተራው ውስጥ ይገባል፥ ሁለተኛው አፉ ወደ ውጭ ክፍት ይሆናል። በውስጥ ያለው ግፊት ሲጨምር ውሃው በአንደኛው ወገን ዝቅ፥ በሁለተኛው ወገን ከፍ ይላል።

የግፊት መለኪያው ስም ፓስካል ነው፤ አንድ ሚሊሜትር የውሃ ከፍታ 10 ፓስካል ያህል ይሆናል። በአውስትራሊያ እ.ኤ.አ. በ2010 የወጣው ደረጃ ቁጥር 2628 እንደሚያዘው፥ አዲስ ጎተራ ግፊቱ ከ250 ወደ 125 ፓስካል ለመውረድ ቢያንስ 5 ደቂቃ ሊፈጅበት ይገባል፤ ሲሠራበት ለቆየ ጎተራ 3 ደቂቃ እንዲበቃ የአገሩ መምሪያ ይፈቅዳል። ይህ ጊዜ የእኩሌታ ጊዜ ይባላል።

በአሠራሩ ላይ ብዙ ጀማሪዎች የሚሳሳቱበት አንድ ነገር አለ። 250 ፓስካል ማለት በሁለቱ የውሃ አፎች መካከል ያለው ልዩነት 25 ሚሊሜትር መሆኑ ነው እንጂ፥ በአንዱ ወገን ውሃው 25 ሚሊሜትር ከፍ ማለቱ አይደለም። አንዱን ወገን ብቻ የለካ ሰው ሳያውቀው 500 ፓስካል ነፍቷል። ይህም ቀላል ነገር አይደለም፤ 250 ፓስካል በእያንዳንዱ ካሬ ሜትር ላይ 25 ኪሎ ያህል ክብደት ነውና፥ 3 ሜትር በ3 ሜትር በሆነ በር ላይ ከ2 ኩንታል በላይ ይገፋል። ስለዚህ ይህ ልኬት ግፊት እንዲችል ሆኖ ለተሠራ ጎተራ ብቻ ነው፤ በምስማር የተመታ ቆርቆሮ ጣሪያ ላለው ተራ መጋዘን አይሆንም። ጎተራውም ቢሆን ግፊት ሲበዛ ከፍቶ የሚያስተነፍስ ክዳን እንዳለው አስቀድሞ መታየት አለበት።

፫ኛ፤ ቁጥሩ የሚሳሳትባቸው ምክንያቶች

ልኩ ከተወሰደ በኋላ ሹሙ ቁጥሩን በመዝገብ ከመጻፉ በፊት የሚከተሉትን አምስት ነገሮች መመርመር ይገባዋል።

መጀመሪያው ሙቀት ነው። በዝግ ስፍራ ያለ አየር ሲሞቅ ግፊቱ ይጨምራል፤ ሲቀዘቅዝ ይቀንሳል። በእነዚህ ደጋ ከተሞች ከፍታ፥ ግድግዳው ጽኑ በሆነና ፈጽሞ በተዘጋ ጎተራ ውስጥ የአየሩ ሙቀት በ1 ዲግሪ ብቻ ቢለወጥ ግፊቱ በ260 ፓስካል ያህል ይለወጣል። ይህም ከጠቅላላው የመለኪያ ግፊት የሚበልጥ ነው። ለምሳሌ ያህል፥ እውነተኛ የእኩሌታ ጊዜው 4 ደቂቃ የሆነ፥ ማለት ለአዲስ ጎተራ የማይበቃ ጎተራ ቢኖር፥ ጠዋት ፀሐይ በቆርቆሮው ላይ ስታርፍ ቢለካና የውስጡ አየር በየደቂቃው የአንድ ዲግሪ ዐሥረኛ እጅ ብቻ ቢሞቅ፥ የሚጨምረው ግፊት የሚያፈሰውን እየተካ ውሃው ወደ እኩሌታው ሳይደርስ ቆሞ ይቀራል። ለካኙም ጎተራው ፍጹም ድፍን ነው ብሎ ይጽፋል። ማታ አየሩ ሲቀዘቅዝ ቢለካ ደግሞ ደኅናው ጎተራ የሚያፈስ መስሎ ይታያል። ስለዚህ ልኩ ሊወሰድ የሚገባው ፀሐይ ከመውጣቷ በፊት በንጋት፥ ወይም ሰማዩ በእኩል በተሸፈነበት ቀን ነው። በልኬቱ መጀመሪያና መጨረሻም የውስጡ ሙቀት መጻፍ አለበት።

ሁለተኛው ንፋስ ነው። ንፋስ ሕንጻን ሲመታ በአንድ ወገን ይገፋል፥ በሌላው ወገን ይስባል። በዚህ ከፍታ በሰከንድ 3 ሜትር የሚነፍስ ንፋስ 4 ፓስካል፥ 5 ሜትር የሚነፍስ 11 ፓስካል፥ 10 ሜትር የሚነፍስ 45 ፓስካል ያህል ግፊት አለው። በግፊት ልኬት ጊዜ ውሃው በቱቦው ውስጥ ወዲያና ወዲህ የሚዋዥቅ ከሆነ፥ ልኩን አቁሞ ንፋሱ እስኪበርድ መጠበቅ እንጂ መካከለኛውን በግምት መጻፍ አይገባም።

ሦስተኛው የዐይን ስሕተት ነው። ውሃው በቱቦው ውስጥ ጎድጎድ ብሎ ስለሚቆም፥ አንዱ ለካኝ የጉድጓዱን ግርጌ፥ ሌላው ጠርዙን ሊያነብ ይችላል። በ125 ፓስካል አጠገብ በአንድ ሚሊሜትር የተሳሳተ ሰው፥ የ5 ደቂቃውን ጊዜ በግማሽ ደቂቃ ያህል ያሳስታል። ስለዚህ 5 ደቂቃ ከ10 ሰከንድ ያገኘ ጎተራ አልፏል፥ 4 ደቂቃ ከ50 ሰከንድ ያገኘ ወድቋል ብሎ በቁርጥ መናገር ከመሣሪያው ዐቅም በላይ ነው። ሁለቱም ዳግመኛ መለካት አለባቸው።

አራተኛው የጎተራው መሙላትና መጉደል ነው። የእኩሌታ ጊዜው የሚወሰነው በቀዳዳው ስፋት ብቻ ሳይሆን በውስጥ ባለው የአየር ብዛትም ነው። ጎተራው ስንዴ በሞላበት ጊዜ በፍሬዎቹ መካከል የሚቀረው አየር ከስፍራው ከመቶ 40 ያህል ብቻ ስለ ሆነ፥ ቀዳዳው ሳይሰፋ ጊዜው ያጥራል። ባዶውን ተለክቶ 6 ደቂቃ ያገኘ ጎተራ ሞልቶ ሲለካ ከ3 ደቂቃ በታች ቢያሳይ ተበላሽቷል ማለት አይደለም፤ ሁለቱን ቁጥሮች ያለ ማብራሪያ አንድ መዝገብ ላይ ጎን ለጎን መጻፍ ግን ትልቅ ስሕተት ነው።

አምስተኛው፥ በውጭ አገር መጻሕፍት የማይታሰበውና ለዚህ አገር እጅግ የሚያስፈልገው፥ የምድሩ ከፍታ ነው። ሦስቱም ከተሞች ከባሕር ጠለል ከ2,000 ሜትር በላይ ናቸው። በ2,400 ሜትር ከፍታ የአየሩ ግፊት በባሕር ዳር ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ነው፤ የአንድ ሜትር ኩብ አየር ክብደትም በባሕር ዳር 1.2 ኪሎ ሲሆን እዚህ 0.9 ኪሎ ብቻ ነው። በቀላል አየር ግፊቱን በዚያው መጠን ከፍ ለማድረግ በስፋት የሚበልጥ አየር መንፋት ያስፈልጋልና ግፊቱም ሲወርድ ቀስ ብሎ ይወርዳል፤ በዚህ ምክንያት አንድ ዓይነት ቀዳዳ ያለው ጽኑ ጎተራ በባሕር ዳር ከሚያሳየው ይልቅ እዚህ ከስድስተኛ እስከ አምስተኛ እጅ የሚረዝም ጊዜ ያሳያል። ስለዚህ በሰበታ ወይም በሱሉልታ የተገኘ 5 ደቂቃ በባሕር ዳር ከተገኘው 5 ደቂቃ ጋር እኩል አይደለም። የባሕር ዳሩን 5 ደቂቃ የሚተካከለው በዚህ ደጋ 6 ደቂቃ ያህል ነው፤ ጠንቃቃ ሹምም ይህን ይጠይቃል።

፬ኛ፤ በበር ላይ በሚገጠም መንፊያ ስለ መለካት

ከፍ ያለ ግፊት ለማይችል ክፍል፥ ለመኖሪያ ቤትና ለአበባ እርሻ ቀዝቃዛ ክፍል የሚስማማው ሌላው መንገድ ነው። በዚህ አሠራር በሩ በሸራ ይሸፈንና ትልቅ ማራገቢያ ይገጠምበታል፤ ማራገቢያው በውስጥና በውጭ መካከል የ50 ፓስካል ልዩነት እስኪሆን ድረስ አየር ያስገባል ወይም ያስወጣል። ያን ልዩነት ለመጠበቅ በሰዓት የሚያልፈው አየር በክፍሉ ስፋት ሲካፈል፥ አየሩ በሰዓት ስንት ጊዜ እንደሚለወጥ ይታወቃል። የዓለም አቀፉ የደረጃዎች ድርጅት ለዚህ አሠራር እ.ኤ.አ. በ2015 ያወጣው ደረጃ ቁጥሩ 9972 ነው።

ደረጃው ልኩ እንዲታመን ካዘዛቸው ነገሮች ዋናዎቹ እነዚህ ናቸው። ማራገቢያው ከመነሣቱ በፊትና ከቆመ በኋላ፥ አፉ ተከድኖ፥ በተፈጥሮ ያለው የግፊት ልዩነት ይለካል፤ ይህ ከ5 ፓስካል ከበለጠ ልኩ አይቆጠርም። በምድር አጠገብ ያለው ንፋስ በሰከንድ ከ3 ሜትር እንዳይበልጥ ይመከራል። ንባቡም በ50 ብቻ ሳይሆን ከ10 ፓስካል ገደማ ጀምሮ በየደረጃው ይወሰዳል። በዚህ ጊዜ ሐሰተኛውን ልክ ለመለየት ቀላል መፈተኛ አለ፤ ግፊቱ 2 እጥፍ ሲሆን የሚያልፈው አየር ከ1.4 እጥፍ ማነስ፥ ከ2 እጥፍም መብለጥ የለበትም። ከዚህ ውጭ የሆነ ቁጥር የተገኘ እንደ ሆነ፥ በልኬቱ መካከል መስኮት ተከፍቷል፥ ሸራ ተነሥቷል፥ ወይም ንፋስ ገብቶበታል ማለት ነውና ልኩ ይጣላል።

የከፍታው ነገር እዚህም አለ፤ አካሄዱ ግን የተለየ ነው። የማራገቢያው መለኪያ ለባሕር ዳር አየር የተስተካከለ ስለ ሆነ፥ 1,000 ሜትር ኩብ ብሎ ሲያሳይ በ2,400 ሜትር ከፍታ በእውነት የሚያልፈው 1,160 ያህል ነው። በሌላ ወገን ደግሞ ቀላል አየር በቀዳዳ በኩል ፈጥኖ ስለሚያልፍ፥ ውጤቱን ከባሕር ዳር ደረጃ ጋር ለማወዳደር መልሶ መቀነስ ያስፈልጋል፤ ሁለቱ እርማቶች ከተደረጉ በኋላ ቁጥሩ 1,050 ገደማ ይሆናል። እንግዲህ ሁለቱንም ያላደረገ ሰው በጥቂት ይሳሳታል፤ አንደኛውን ብቻ አድርጎ ሁለተኛውን የተወ ግን ይልቁን አብልጦ ይሳሳታል። ስለዚህ ከለካኙ ዘንድ የሚጠየቀው፥ እርማት ተደርጓል ወይ የሚለው ብቻ ሳይሆን፥ የትኛው እርማት ተደርጓል የሚለው ነው።

ከሁሉ የሚበልጠው ጥንቃቄ ግን የቁጥሩን ትርጉም ማወቅ ነው። ለምሳሌ 20 ሜትር ርዝመት፣ 10 ሜትር ወርድና 5 ሜትር ቁመት ያለው መጋዘን 1,000 ሜትር ኩብ ይይዛል። በ50 ፓስካል በሰዓት 3,000 ሜትር ኩብ ካሳለፈ፥ አየሩ በሰዓት 3 ጊዜ ይለወጣል። ይህ ቁጥር ለመኖሪያ ቤት የሚመሰገን ነው። ነገር ግን 50 ፓስካል በየቀኑ የሚገኝ ግፊት አይደለምና፥ የተለመደውን የአየር መለዋወጥ ለመገመት ቁጥሩን በ20 ማካፈል በባለሙያዎች ዘንድ የታወቀ ደንብ ነው። በዚህ ግምት በሰዓት 0.15፥ በቀን 3.6 ጊዜ ይሆናል። እንደዚህ ያለ መጋዘን ዛሬ ጠዋት ከገባበት መርዝ ነገ ጠዋት የሚቀርለት ከመቶ 3 ያህል ብቻ ነው። ለጀርመን ቁጠባዊ ቤቶች የተወሰነውን 0.6 የሚያሟላ ሕንጻ እንኳ ቢሆን፥ በዚሁ ግምት በአንድ ቀን የመርዙን እኩሌታ ያጣል፤ በ7 ቀን ከመቶ አንድ እንኳ አይቀርለትም።

በ20 የማካፈሉ ደንብ ራሱ ግምት ነው፤ ንፋስ በሚበዛበት ኮረብታ ላይ ከዚያ ይብሳል፥ በተከለለ ሸለቆ ውስጥ ይሻላል፤ በእጥፍ መሳሳቱም የሚጠበቅ ነው። ነገር ግን ቁጥሩ በእጥፍ ቢሻሻል እንኳ ከላይ የተባለው መጋዘን በአንድ ቀን ከመርዙ አምስት ስድስተኛውን ያጣል። ስለዚህ ለቤት መልካም የሆነ ልክ ለመጋዘን መልካም ነው ብሎ መፍረድ፥ ስንዴንም ሰውንም አደጋ ላይ መጣል ነው።

፭ኛ፤ ቀዳዳውን ስለ መፈለግ

ቁጥር መጋዘኑ የሚያፈስ መሆኑን ይናገራል እንጂ የሚያፈስበትን ስፍራ አያመለክትም። ስለዚህ ልኩ ዝቅ ያለ እንደ ሆነ ቀዳዳው መፈለግ አለበት። ግፊቱ በውስጥ ሳለ በመጋጠሚያዎቹ ላይ የሳሙና ውሃ ቢቀባ በሚያፈስበት ስፍራ አረፋ ይነሣል። ማራገቢያው አየር ወደ ውጭ ሲያስወጣ ደግሞ ከውስጥ በበሩና በግድግዳው ጥግ ዕጣን ቢጤስ፥ ጢሱ ወደ ውስጥ ተገፍቶ ሲጎብጥ የቀዳዳው ስፍራ ይታወቃል። በቀትር ገብቶ በሩን ዘግቶ የብርሃን ጨረር መፈለግም የቆየና ጠቃሚ ልማድ ነው፤ ነገር ግን ብርሃን የሚሄደው በቀጥታ ብቻ ስለ ሆነ፥ በቆርቆሮ እጥፋት ውስጥ ዞሮ የሚያልፈውን ስንጥቅ አያሳይም። ብርሃን የማያስገባ ሁሉ አየር አያስገባም ማለት አይደለም።

ብዙውን ጊዜ የሚያፈስሰው ቆርቆሮው ግድግዳውን የሚነካበት መስመር፣ የምስማር ቀዳዳ፣ የበር ግርጌ፣ የኤሌክትሪክ ሽቦ የሚገባበት ስፍራና የተሰነጠቀ ልስን ነው። እነዚህ ከተደፈኑ በኋላ ልኩ ዳግመኛ ይወሰዳል። ሳይለኩ ተደፍኗል ማለት ከመጀመሪያው ካለመለካት አይለይም።

፮ኛ፤ ልኩ በመዝገብ ስለሚጻፍበት ሥርዓት

አንድ ጊዜ ብቻ የተወሰደ ልክ ቃሉን የሚያጸናለት ሁለተኛ የሌለው ምስክር ነው። ስለዚህ ልኩ በአንድ ንጋት ሦስት ጊዜ ይወሰዳል። ከላይ እንደ ተባለው የዐይን ስሕተት ብቻውን ግማሽ ደቂቃ ስለሚያደርስ፥ በሦስቱ መካከል ያለው ልዩነት ከአንድ ደቂቃ ከበለጠ ምክንያቱ ተፈልጎ በሌላ ቀን ይደገማል። በመዝገቡም ላይ እነዚህ ሁሉ ይጻፋሉ፤ ቀኑና ሰዓቱ፤ የሰማዩና የንፋሱ ሁኔታ፤ በመጀመሪያና በመጨረሻ የነበረው የውስጥና የውጭ ሙቀት፤ ጎተራው ባዶ ወይም ሙሉ መሆኑ፤ የከተማው ከፍታ፤ ሦስቱም ቁጥሮች፥ መካከለኛቸው ብቻ ሳይሆን ትልቁና ትንሹም ጭምር። አንድ ቁጥር ብቻ ተጽፎ የቀረበ ወረቀት ቢመጣ ሹሙ ሊመልሰው ይገባል።

የሚለካው ሰው የመጋዘኑ ባለቤት ወይም የመድኃኒቱ ነጋዴ ተቀጣሪ ከሆነም፥ ከሦስቱ ልክ አንዱን ተቆጣጣሪው ራሱ ቆሞ ሊያይ ይገባል። ይህ ሰውን ከመጠራጠር የመጣ አይደለም፤ ውጤቱ እንዲያልፍ የሚጓጓ ዐይን ውሃውን ከፍ አድርጎ ማንበቡ የሰው ሁሉ ጠባይ ስለ ሆነ ነው።

፯ኛ፤ መጋዘኑ ካልታመነ ስለሚደረገው ነገር

ተራ የቆርቆሮ መጋዘን ብዙውን ጊዜ ከላይ የተባለውን ልክ አያልፍም። ይህ የሚያሳፍር ነገር አይደለም፤ ሕንጻው ለዝናብ መከለያ ተሠራ እንጂ ለመርዝ መያዣ አልተሠራምና። የሚያሳፍረው ይህን እያወቁ ሕንጻውን በሙሉ ማጠን ነው። በእንዲህ ያለ ስፍራ የሚገባው፥ ጆንያው በእንጨት ርብራብ ላይ ተደርድሮ፥ መርዝ በማያሳልፍ የፕላስቲክ ሸራ ከላይ እስከ ወለል ተሸፍኖ፥ የሸራው ጠርዝ አሸዋ በተሞላ ረጅም ከረጢት ዙሪያውን ተጭኖ፥ የሠለጠነ ባለሙያ እንዲያጥነው ማድረግ ነው። የወለሉ ሲሚንቶ የተሰነጠቀ ከሆነ አስቀድሞ ይደፈናል፤ በሸራው ሥር የሚያመልጠው በዚያ ነውና። የመርዙ ብዛትም በመሣሪያ በየቀኑ ይለካል፤ በሸራው ሥር ተለክቶ በ10ኛው ቀን የተገኘው ቁጥር ከግምት ሁሉ የሚበልጥ ማስረጃ ነው።

በአንድ ግቢ ውስጥ የሚያድር ዘበኛ ካለ፥ እህሉ ታጥኖ እስኪናፈስ ድረስ ማደሪያው ከዚያ እንዲነሣ ይደረጋል፤ ከአጥር ማዶ ያሉት ጎረቤቶችም እንዲያውቁት ይሆናል። ፎስፊን የነጭ ሽንኩርት ወይም የበሰበሰ ዓሣ የመሰለ ሽታ ሊኖረው ይችላል፤ ነገር ግን ሽታ አለመኖሩ መርዝ አለመኖሩን አያረጋግጥምና፥ በአፍንጫ መታመን አይገባም።

ለጥቂት ኩንታል ባለቤት ገበሬ ግን መርዝ ጨርሶ ላያስፈልገው ይችላል። ፒክስ የሚባለው ከረጢት ሁለት የፕላስቲክ ሽፋን ከውስጥ፥ አንድ ጆንያ ከውጭ ያለው ነው፤ በሚገባ ከታሰረ በውስጥ ያለው ነቀዝ ራሱ አየሩን ተንፍሶ ይጨርስና ይሞታል። ይህም የሚሠራው አየር ባለማሳለፉ ብቻ ስለ ሆነ፥ የተበሳ ከረጢት ከተራ ጆንያ አይሻልም። መፈተኛውም ቀላል ነው፤ ባዶውን ነፍቶ አፉን ጠምዝዞ ይዞ መጫን፥ አየር እየሾለከ የሚወጣበትንም በጆሮና በጉንጭ መፈለግ ነው።

በመጨረሻም፥ ለመጋዘን የተባለው ሁሉ ለመኖሪያ ቤት እንዳይወሰድ ማስጠንቀቅ ይገባል። በሱሉልታ ብርድ ምክንያት ከሰል በምድጃ አቀጣጥሎ በሩንና መስኮቱን ደፍኖ የሚተኛ ሰው፥ መጋዘን እንዲሆን የሚፈለገውን ዓይነት ቤት ለራሱ እየሠራ ነው፤ ከከሰል የሚወጣው ሽታ የሌለው መርዝ ይገድለዋልና። እህል ያለበት ስፍራ ይደፈን፥ እሳትና ሰው ያሉበት ስፍራ ይናፈስ።

የሰበታ፣ የቡራዩና የሱሉልታ ሹሞች ከመጪው የመኸር ምርት መግባት አስቀድመው በየወረዳቸው ያሉትን ጎተራዎችና መጋዘኖች እንዲመዘግቡ፥ የትኛው ልኩን እንደሚያልፍ፥ የትኛው በሸራ ብቻ ሊታጠን እንደሚገባ በንጋት ልኬት ለይተው እንዲያውቁ ያስፈልጋል። ይህ ሥራ ለአንድ ጎተራ ከሁለት ሰዓት በላይ አይፈጅም፤ የሚጠይቀውም ቱቦ፣ ውሃ፣ ሰዓትና ያዩትን ሳይጨምሩ ሳይቀንሱ የሚጽፍ ሰው ነው።